የወይዘሮ ታይቱ ሦስተኛ ዓይን

ወይዘሮ ታይቱ ሦስት ዓይን ነበራቸው። የግራው ሞራ ለብሶ ከተኛ ቆይቷል። የቀኙ በ1997 ዓ.ም. የዓይን ሕክምና ዘመቻ ሰቆጣ በመጣ ጊዜ ሐኪሙ ሞራውን አውጥቶ በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ ያስገባበት ነው፤ በእሱ እንኳንስ የሰው ፊት፣ ከማዶ ተረተር ላይ የሚግጠው ፍየል የማን እንደሆነ ይለያሉ። ሦስተኛው ያ የወጣው ነው። እሱ አዲስ አበባ፣ አንድ ቤተ ሙከራ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከአውራ ጣት በማትበልጥ ብልቃጥ ተቀምጧል። ጣጣው፣ እሱም ያያል መባሉ ነው።

ይህን ጉድ መጀመሪያ የሰማችው ልጃቸው ውባንቺ ናት። ወሩ ኅዳር፣ ሰዓቱ ቀትር ነበር። በዋግ ሰው ጨለማን ያን ያህል አይፈራም፤ የሚፈራው ቀትርን ነው። ጥላ ከእግር ሥር ሲገባ፣ ውሻው እንኳ መጮኽ ሲያቆም፣ ያኔ ነው የማይታየው የሚንቀሳቀሰው ይባላል። እናትየው ደጃፉ ላይ ምስር እየለቀሙ ሳለ እጃቸው ድንገት ቆመ።

«ብርድ ነው» አሉ።

«የት? እዚህ? ድንጋዩ ያቃጥል የለም እንዴ እማዬ!»

«እዚህማ ምን ብርድ አለ። እዚያ ነው። ያ ልጅ ዓይኔን ብርድ ላይ አስቀምጦብኛል። ጨለማ ነው፤ አንዳንዴ በሩ ይከፈትና ብርሃን ይገባል፤ እጁን አያለሁ፤ ይዘጋዋል።»

ውባንቺ ሳቀች። ሳቋ ግን ወዲያው አፏ ላይ ደረቀ። ወይዘሮ ታይቱ ማቀዝቀዣ የሚባል ነገር በሕይወታቸው አይተው አያውቁም።

ያ ልጅ የተባለው ፋንታሁን ነው። ፋንታሁን ማን እንደሆነ ለመናገር ወደ ዘመቻው ሰሞን መመለስ ግድ ይላል።

ያን ጊዜ ከአበርገሌ ቆላ፣ ከፃግብጂ፣ ከደሃና ዓይናቸው የጠፋ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በበቅሎና በሰው ጀርባ ሰቆጣ ሆስፒታል ግቢ ፈሰው ነበር። ብዙዎቹ ከአገውኛ በቀር አይሰሙም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ቤት የተቀመጠችው ውባንቺ በአስተርጓሚነት ተቀጠረች። ፋንታሁን ደግሞ ከሐኪሞቹ ጋር ከአዲስ አበባ የመጣ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነው። ሥራው ከዓይን የወጣውን ሞራ በብልቃጥ መሰብሰብ ነበር። የሰቆጣ ሰው ለቅጽል ስም ማን ብሎት! በሳምንቱ «ዓይን ለቃሚው» አለው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ እሱ ይህን አልሰማም።

ሁለቱ የተዋደዱት በዓይን ነው ብል ቀልድ ይመስላል። ግን ሁለቱም አፍና አፍንጫቸውን በጭንብል ሸፍነው ስለሚውሉ ከዓይን በቀር የሚተያዩበት አልነበራቸውም። እሱ ብልቃጡን ሲዘጋ ቀና ይላል፤ እሷ ቃሉን ስትተረጉም ዘወር ትላለች። አንድ ቀን ከሥራ በኋላ ግንቡ ላይ ተቀምጠው ጭንብሉን ሲያወልቁ ሁለቱም ደነገጡ። እሷ የገመተችው ከንፈር ሌላ ነበር። ያገኘችው ግን በለጠባት።

«ይህን ሁሉ ዓይን ምን ታደርገዋለህ?» አለችው።

«ዓይን ውስጥ ጠባቂ አለ» አላት። «ፀሐይና ዕድሜ ዓይንን ቀስ እያሉ ያዝጉታል፤ ብረት ውጭ ሲያድር እንደሚዝገው። ያንን ዝገት የሚከላከል ፕሮቲን አለ፤ አንቲኦክሲዳንት ነው። ሞራ በለበሰ ዓይን ውስጥ ያ ጠባቂ ሞቷል ወይስ አለ? ካለስ የት ቆሟል? የምፈልገው ይህን ነው።»

«በምን ታየዋለህ? ያን ያህል ትልቅ ነው?»

«እኔ አላየውም። የሚለየው ሌላ ነው። ፕሮቲኑን ጥንቸል ይወጓታል። ሰውነቷ እንግዳ ገባብኝ ይልና እሱን ብቻ የሚያውቅ መከላከያ ያበጃል፤ አንቲቦዲ እንለዋለን። እሱን ከደሟ እንወስድና ስስ ሆኖ በተቆረጠው ዓይን ላይ እናንጠባጥበዋለን። ጥጃ ከመንጋው መሐል እናቱን ለይቶ እንደሚሄድ፣ ከዚያ ሁሉ ፕሮቲን መሐል አንዱን ፈልጎ ይለጠፍበታል። ከዚያ ቀለም እንጨምራለን፤ የተለጠፈበት ቦታ ቡናማ ይሆናል።»

«ጥንቸል?» ፊቷን አጨማደደች። ጥንቸል ሰኮናው ያልተሰነጠቀ፣ የማይበላ፣ ርኩስ ነው። «ፋንቴ፣ ይህን ለማንም እንዳትተነፍስ። የእናቶቻችንን ዓይን የጥንቸል ደም ነካው ቢባል ሰቆጣ ነቅላ ትወጣብሃለች!»

«ላንቺ ብቻ ነው የነገርኩሽ» አለና ሳቀ።

እሷም ለማንም አልተናገረችም። ይህን አንባቢ ልብ ይበል።

የወይዘሮ ታይቱ ተራ በደረሰ ጊዜ እንዲህ ሆነ። ሴትዮዋ አማርኛቸው ከማንም አያንስም። ሲፈሩ ግን አፋቸው ወደ አገውኛ ይመለሳል። ፋንታሁን ሞራውን ለጥናት ልውሰደው ወይ ብሎ በልጃቸው ሲያስጠይቃቸው፣ ሌላው በሽተኛ ሁሉ «ከፈለገ ለውሻ ይጣለው» ያለውን፣ እሳቸው አልጋው ላይ ተነስተው ተቀመጡ። «ይመለሳል?» ብለው ጠየቁ።

በእነሱ ቤት የተነቀለ ጥርስ እንኳ አይጣልም፤ አፈር ይለብሳል። በውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሙሉ አካላቸው ሳይፈርስ ካረፉት ከጥንቶቹ የዋግ ሰዎች ዘራቸው እንደሚመዘዝ ሲነገራቸው ያደጉ ናቸው። ለሙታን ትንሣኤ ጎዶሎ ሆኖ መነሣት አለ እንዴ? ውባንቺ ፋንታሁንን ዘወር ብላ እንኳ ሳትጠይቅ በአገውኛ «ይመለሳል። ሲጨርስ ራሱ ያመጣዋል» አለች።

«ምን አሉ?» አላት እሱ።

«እሺ ብላለች።»

አትፍረዱባት። የዋሸች አልመሰላትም። የሰው ገላ የወሰደ ሰው እንደሚመልስ ማስተርጎም የሚያሻው ነገር መሆኑ በአሳቧም አልመጣ።

ፋንታሁን ሄደ። ትምህርቱን ሲጨርስ ሽማግሌ እንደሚልክ ምሎ ነው የሄደው። ወላጆቹን ስትጠይቀው «ደምቢያ ገበሬዎች ነበሩ፤ ሁለቱም አርፈዋል» ብሏት ነበር። ከዚህ በላይ ስትጠይቀው ዓይኑ መሬት ይፈልጋል። አጎቷ ምንዋጋው ይህን ሲሰማ ከንፈሩን ነክሶ «ገበሬ ከሆነ አገሩን፣ ወገኑን ይጠራ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ የእኔ ልጅ» አላት። ምንዋጋው በእጁ የማር ነጋዴውን የደርቤን ሽማግሌዎች ይዟል። ደርቤ ሰቆጣ ውስጥ ቆርቆሮ ቤት አለው፤ አጥንቱም እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል።

* * *

በታኅሣሥ ወር፣ አንድ ቀን ቀትር ላይ ወይዘሮ ታይቱ ደጃፍ እንደተቀመጡ ቀኝ እጃቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ።

«ዛሬ አወጣኝ» አሉ በአገውኛ። «ይቆርጠኛል። አያምም። ስስ ስስ እያደረገ ይቆርጠኛል። ጉድ እኮ ነው፤ አንዱን ሰው በብዙ ቦታ ሆኜ አየዋለሁ።» ቆዩና አፍንጫቸውን ነፉ። «ጥንቸል ይሸተኛል። ጥንቸል ምን ትሠራለች እዚያ?»

የውባንቺ ጸጉር ቆመ። ቀኑ ብሩህ ነው፤ ሰማዩ አንድ ደመና የለውም፤ ጎረቤት ሚስማር እየመታ ነው። እሷ ግን በዚያ ፀሐይ ነጠላዋን ደርባ ተከናነበች።

«ደግሞ ሴት አለች» አሉ እናትየው።

«የምን ሴት?»

«ከኋላው ቆማለች። እጇን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋለች። ሲቆርጥ ታየዋለች። ኧረ እንዴት ነው የምታየው! እንዲህ ሰው የሚያይ ሰው አላየሁም።»

«ቆንጆ ናት?»

«ፊቷን አልለየሁትም። ቀና አትልም።»

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ የፋንታሁን ደብዳቤ መጣ። ውባንቺ ቀኑን አየች፤ እናቷ የተናገሩበት ቀን ነው። እንዲህ ይላል፦ «ውቤ፣ ዛሬ የእናትሽን ዓይን ከብርዱ አወጣሁት። ከሽንኩርት ልጣጭ አሳስቼ ቆረጥኩት። አንቲቦዲውን ሳንጠባጥብበት አንቺን የነካሁ መሰለኝ። እዚህ ብቻዬን ነኝ። ከግድግዳው በቀር የማዋየው የለኝም።»

ብቻዬን ነኝ! ደብዳቤውን አጥፋ ደረቷ ሥር ከተተችውና ወዲያው መልሳ አወጣችው፤ ያቃጠላት መሰላት። እናቷ ብርዱን አይተዋል፤ ጥንቸሏን አሽትተዋል፤ የተቆረጠበትን ቀን አይተዋል። ታዲያ ሴቲቱን ብቻ በሐሰት አይተዋል ማለት ነው? ነጭ ጋዋን የለበሰች፣ እንግሊዝኛ የምታቀላጥፍ፣ ትከሻው ላይ እጇን የምትጥል የከተማ ልጅ ወለል ብላ ታየቻት። ከፍርሃቱ ይልቅ ቅናቱ በለጠ። ፍቅር እንዲህ ነው፤ ሙት ቢነሣ እንኳ መጀመሪያ የሚጠይቀው ከማን ጋር እንደነበረ ነው።

መልስ አልጻፈችም። ሌላ ደብዳቤ መጣ፤ እሱንም ዝም አለችው። ቴሌ ድረስ መጥታ ስልክ እንድትጠብቅ ላከባት፤ ቀረች። ሌሊት ሌሊት ታለቅሳለች፤ ቀን ቀን እናቷን «ዛሬስ? ዛሬስ አለች?» ትላለች። እናትየው «አለች። መቼም አትሄድ» ይላሉ።

ከጥምቀት ማግሥት ምንዋጋው እህቱን ቁርጥ ጠየቀ። ወይዘሮ ታይቱ ብዙ አሰቡና በባላቸው መቃብር ማሉ። «ዓይኔን እመልሳለሁ ብሏል፤ ቃሉን ይጠብቅ። ከዐቢይ ጾም በፊት ካመጣው ልጄን ሽማግሌ ልኮ ይጠይቀኝ። ካላመጣው ለደርቤ እሺ በላቸው።»

ውባንቺ በሰው ስም የሰጠችውን ቃል ታቅፋ ቁጭ አለች። ቃሉን የሰጠው እሱ እንዳልሆነ የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። ያን ቀን ለፋንታሁን አንዲት መስመር ጻፈች፦ «እናቴ ዓይኗን ትፈልጋለች። ይዘህ ካልመጣህ አትምጣ።» ለምን እንደሆነ አልነገረችውም። ንዴቷ አላስነገራትም።

* * *

ጾም ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ በወልድያ በኩል ከሚመጣው አውቶቡስ ፋንታሁን ወረደ። አቧራ ጠጥቷል፤ ከስቷል። አንዲት ጠፍጣፋ የእንጨት ሣጥን በብብቱ ይዟል። በሌላው እጁ አዲስ አበባ ካለ ጓደኛው የተዋሰውን አሮጌ ማይክሮስኮፕ አንጠልጥሏል፤ መብራት የሌለውን፣ ከሥሩ ባለ መስታወት ፀሐይ የሚጠልፈውን። ውባንቺ በር ላይ አገኘችው። ልቧ ወደ እሱ ዘሎ ነበር፤ ልቧን መልሳ ያዘችው።

«ይዘኸዋል?»

«ይዤዋለሁ። ሰላም እንኳ አትይኝም?»

«ሴትዮዋን ደህና ትተሃት መጣህ?»

«የቷን ሴትዮ?»

«እኔን አታሞኘኝ ፋንታሁን። ከኋላህ የምትቆመውን። ትከሻህን ይዛ የምታሠራህን።»

ሊስቅ ፈለገ፤ ፊቷን አይቶ ተወው። «ውቤ፣ ከእኔ ጋር የሚሠራ ማንም የለም። በእግዚአብሔር ስም። እናትሽ ናቸው የነገሩሽ? ዓይን ከወጣ በኋላ ምንም አያይም። ሕይወት የለውም።» ይህን ያለው ለልጅ እንደሚነገር በለዘበ ድምፅ ነው። የበለጠ ያናደዳትም ይኸው ልስላሴው ነው።

ቀትር ሆኗል። ወይዘሮ ታይቱ ደጃፉ ላይ በመደብ ተቀምጠዋል፤ ምንዋጋው ጥላው ሥር ቆሞ በዱላው መሬት ይቆረቁራል። ነፋስ የለም። ፋንታሁን እጅ ነሥቶ ማይክሮስኮፑን በርጩማ ላይ አስቀመጠና መስታወቱን ወደ ፀሐይ አዞረ። ከሣጥኑ አንድ ስስ መስታወት አውጥቶ ከሥሩ አስገባ።

«ከመስጠቴ በፊት ያዩት ብዬ ነው እናቴ» አለ። «በቀኝ ዓይንዎ ይመልከቱ። ያ የድሮው ዓይንዎ ነው።»

ወይዘሮ ታይቱ አጎነበሱ። ዓይናቸው የገዛ ዓይናቸውን አየ።

«ይህ እኔ ነኝ?»

«ከእርስዎ የወጣ ነው። ጠርዙ ላይ ቡናማ መስመር ይታይዎታል?»

«ይታየኛል። መሐሉ ግን ባዶ ነው።»

«ቡናማው ጠባቂው ያለበት ነው። መሐሉን ለቅቋል። የቀረው ጠርዙ ላይ ብቻ ነው። ሞራው የያዘዎት ለዚያ ይመስለኛል።»

«እስከ መጨረሻው ጠርዙ ላይ ቆሟላ» አሉ ወይዘሮ ታይቱ። «ምስኪን። ልክ እንደዚህች እንደ ሴትዮዋ።»

ውባንቺ አንድ እርምጃ ተጠጋች። እናቷ ፊታቸውን ከማይክሮስኮፑ አላነሡም። አንገታቸውን እንኳ አላዞሩም።

«ከኋላህ ቆማለች» አሉ። «ተከትላህ መጥታለች። ዛሬ ቀና አለች።»

ፋንታሁን ዘወር አለ። ከኋላው ነጭ ፀሐይና የድንጋይ አጥር ብቻ ነበር።

«ዓይኖቿ ነጭ ናቸው። ሁለቱም ሞራ ለብሰዋል። እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው። የእርሻ ጭቃ አይደለም፤ ቀይ ነው፤ የተነፋ፣ የታሸ። አንገቷ ላይ ንቅሳት አላት። ከቀኝ ጆሮዋ ሥር ይቋረጣል፤ ነቃሿ ሳትጨርሰው የተወችው ይመስላል።»

የፋንታሁን ፊት አመድ መሰለ። እጁ ሳያውቀው ወደ ገዛ አንገቱ፣ ከቀኝ ጆሮው ሥር ሄደ። ውባንቺ አየችው። በዚያች ቅጽበት የጋዋኗ ቆንጆ ከዓይኗ ጠፋች፤ በምትኳ የመጣባት ነገር ግን ምን እንደሆነ አላወቀችም። ብርድ ብርድ አላት።

«ማናት?» አለ ምንዋጋው፤ ዱላው ቆሟል። «ንገረና። ማናት?»

አላውቅም ማለት ይችል ነበር። ደምቢያ፣ ገበሬ፣ አርፈዋል፤ አፉ የለመደው ቃል ነው። ውባንቺን አያት። ያንኑ ቃል ከደገመው እሷን እንደሚያጣት ሁለቱም ያውቃሉ።

«እናቴ ናት» አለ። «ሸጌ ትባላለች። ሸክላ ሠሪ ነበረች። ማሰሮ ሸጣ አስተማረችኝ፤ እኔ ስማር የእሷ ዓይን ጠፋ። ሐኪም ላምጣልሽ ብዬ ስመለስ ተቀብራ ደረስኩ። ከዚያ ወዲህ ለማንም… ለማንም ሸክላ ሠሪ ነበረች ብዬ አላውቅም።»

ከሸክላ ሠሪ እጅ ድስቱን እንቀበላለን፣ ልጁን ግን አንቀበልም። ማድጋው ውኃችንን ያቀዘቅዝልናል፤ የሠራችውን ሴት ግን ዓይኗ ሰው ይበላል እንላታለን። አሠራራችን ይህ ነው፤ ማንም ሲያፍርበት አላየሁም።

«ቡዳ!» አለ ምንዋጋው፤ ወደ ኋላ አፈገፈገ። «ዓይን ለቃሚ ያለው ሰው ለካ አልተሳሳተም! እህቴ፣ ተነሺ ከፊቱ!»

«ዝም በል ምንዋጋው» አሉ ወይዘሮ ታይቱ። አሁን ቀና ብለዋል። «ትናንት ጠላ የጠጣህበት ማሰሮ ከሰማይ ነው የወረደው? ከታኅሣሥ ጀምሮ ከዚህች ሴት ጋር ነው የምውለው። ልጇን ስታይ አይቻታለሁ። እንዲህ ያለ አስተያየት ሰው ቢበላ ኖሮ ልጇ ዛሬ አይኖርም ነበር።» ወደ ፋንታሁን ዞሩ። «ስሟን ስትጠራት ፈገግ አለች። ባታየውም ልንገርህ ብዬ ነው። አሁን ዓይኔን ስጠኝ፤ አፈር ላልብሰው። ይመለሳል ብለኸኛል።»

«እኔ? መቼ?»

«እኔ ነኝ ያልኩት» አለች ውባንቺ። ድምፅዋ ተሰበረ። «በአንተ ስም። ሌላ መልስ ያለ አልመሰለኝም።»

ፋንታሁን አልተቆጣትም። የሰማትም አይመስልም። ሣጥኑን ቀስ ብሎ ዘጋና በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አጣበቀው።

«ይህ ሲቀበር እናቴን ያዩዋታል?» አላቸው።

«ምን አውቄ ልጄ። አፈር ውስጥ ማን ያያል።»

«እንግዲያው አልሰጥም።»

«ፋንታሁን!» አለች ውባንቺ።

«ትምህርቱ ገደል ይግባ፣ እሱን አይደለም የምለው! እንዲያው ዓይን ከወጣ አያይም ብዬሽ ነበር፤ ሞኝ ነበርኩ። በዚህች መስታወት እናቴ ትታያለች። በዓለም ላይ እናቴ የምትታይበት ሌላ ቦታ የለም። አንድ ጊዜ ሳልደርስ ቀብረዋታል። አሁን ደግሞ በገዛ እጄ ልቅበራት?»

የአጥሩ ድንጋዮች በሙቀቱ የሚርገበገቡ ይመስላሉ። ውባንቺ መሐላውን ታውቃለች፤ ሣጥኑ ካልተሰጠ የደርቤ ናት። ከዚህች ሣጥን ጋር ዕድሜዋ ሁሉ ተቆልፏል። ተጠግታ ከፊቱ ተንበረከከች። ልትለምነው ነበር። ፊቱን ስታይ ግን ልመናው ጉሮሮዋ ላይ ሌላ ሆነ።

«አትስጥ» አለችው።

«ምን?»

«አትስጥ ፋንቴ። ስንት ወር ሙሉ ቀናሁባት፤ ውሸታም ሴት ናት፣ የሰው ባል ነጣቂ ናት አልኳት። እናትህን! ለእኔ ብለህ ከሰጠህ፣ ማታ ማታ ፊቴን ስታይ የምታየው እናትህን ያስቀበረችህን ሴት ነው። እኔ እንደዚያ ሆኜ አልኖርም። እኔ ደርቤን አገባለሁ። አንተ እናትህን ያዝ፣ ሂድ።» እንባዋ አቧራው ላይ ይንጠባጠባል። «እወድሃለሁ። ሂድ በቃ።»

ምንዋጋው እንኳ ፊቱን አዞረ። ወይዘሮ ታይቱ ግን እጃቸውን ዘርግተው የፋንታሁንን ጉልበት ነኩ።

«አንድ ነገር ልበልህና እንዳሻህ አድርግ» አሉት። «እኔ ዓይኔን የምፈልገው ለራሴ ነበር። አሁን ግን አየኋት፤ ደክሟታል። ቁማ ነው የምትውለው። አንድም ቀን ስትቀመጥ አላየሁም። ልጇ የእኔ ናት እስኪላት ትጠብቅ ነበር መሰለኝ፤ ይኸው አልካት። አሁን የምታቆማት አንተው ነህ። እሷን ማየት የምትፈልገው አንተ፣ የሚደክማት እሷ።»

ፋንታሁን ሣጥኑን ከደረቱ አላቆ ራሱ ከፈተው። ስስ መስታወቶቹን፣ የተረፈውንም ብልቃጥ፣ አንድ በአንድ በወይዘሮ ታይቱ ነጠላ ጫፍ ላይ ደረደረ። የመጨረሻዋን ሲያወጣ ወደ ፀሐይ አንሥቶ አየባት። ምን እንዳየ አልተናገረም።

ዶማውን ያመጣው ምንዋጋው ነው። ማንም አላዘዘውም። አንዴ «የሸክላ ሠሪ» ብሎ ሊያጉረመርም ጀመረና እህቱ ሲያዩት ቃሉን ዋጠው።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ የውባንቺ አባት ካረፉበት ግርጌ ምንዋጋው ክንድ የማይሞላ ጉድጓድ ቆፈረ። ወይዘሮ ታይቱ ነጠላውን ጠቅልለው አኖሩት፤ አፈሩን በእጃቸው መለሱ። ከዚያ ቀና አሉና በአገውኛ፣ ቀስ ብለው፣ ጥቂት ቃል ተናገሩ። ለልጃቸው አልነበረም። ለወንድማቸውም አልነበረም። የሚያዩት ከፋንታሁን ጀርባ ያለውን ባዶ ቦታ ነው። ምንዋጋው ባርኔጣውን አወለቀ።

«ምን አሉ?» አለ ፋንታሁን።

ውባንቺ እጁን ያዘች። እጁ ቀዝቅዟል።

«ውቤ፣ ምን አሉ?»

«‹ሸጌ› አለች። ‹ሸጌ፣ ልጅሽን ተረክቤያለሁ› አለች። ‹በቃሽ፣ ሂጂ አሁን ተኚ› አለች።»

ፋንታሁን እዚያው አዲሱ አፈር ዳር ቁጭ አለና ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። ውባንቺም አጠገቡ ተቀመጠች፤ እናቷና አጎቷ እያዩ እጁን አልለቀቀችም።